አልተመዘገብንም፣ ገንዘቡ ግን ዛሬ ነው የሚያስፈልገን

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለች ከተማ የሚኖሩ 7 ሴቶች ናቸው። የተደፈሩና የተደበደቡ ሴቶችን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ቢሮ የላቸውም፣ አልተመዘገቡም። ከሁለት ሳምንት በፊት የአንዷ ፎቶና የቤት አድራሻ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊት ቤቷ በድንጋይ ተደበደበ። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «በ3 ቀን ገንዘብ የሚለቁና ለፈለጋችሁት አውሉት የሚሉ የፌሚኒስት ፈንዶች አሉ ተባልን። እውነት ነው? ለአንድ ዓመት የቢሮ ኪራይና ደሞዝ 25,000 ዶላር ብንጠይቅ ይሰጡናል? ሳንመዘገብ የውጭ ገንዘብ ብንቀበልስ አንታሰርም? ደግሞ አንድ ሰው 10 በመቶ ከሰጣችሁኝ ፕሮፖዛሉን ጽፌ አስፈቅድላችኋለሁ ብሎናል።» የከተማዋን ስም የተውኩት ሆን ብዬ ነው።

ፈንዱ፣ ማለትም ለሴቶች መብት ተሟጋቾች ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት፣ አለ። 25,000 ዶላሩ ግን በዚህ በር አይገኝም። ለ10 በመቶው ሰውዬ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት።

መጀመሪያ «በ3 ቀን» የሚለውን ላጥራው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኧርጀንት አክሽን ፈንድ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም ሐሳቡ ቀላል ነበር። መደበኛ ለጋሽ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ገምግሞ፣ ቦርድ አጽድቆ ገንዘብ እስኪለቅ ስድስት ወርም ዓመትም ይፈጃል። ዛሬ ማታ ቤቷ የተደበደበች ሴት ስድስት ወር መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ይሁን፣ ወረቀቱም ይቅለል፣ መልሱ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ይሁን ተባለ። የ72 ሰዓቱ ነገር የመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካው እህት ፈንድ መቀመጫውን ናይሮቢ አድርጎ ተከፈተ፣ ቀጥሎ የላቲን አሜሪካው፣ ከዚያም የእስያና ፓስፊኩ መጡ። እናንተን የሚመለከታችሁ የናይሮቢው ነው።

ግን 72 ሰዓት ማለት መልስ የምታገኙበት ጊዜ ነው። «ደርሶናል፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች ግለጹልን» የሚል መልስም መልስ ነው። ከዚያ ውሳኔ አለ፣ ከውሳኔ በኋላ ውል መፈረም አለ፣ ከውል በኋላ ደግሞ ባንክ አለ። እኔ ባየሁት ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው መጨረሻው ላይ ነው። ፈንዱ በአራተኛው ቀን የላከው ገንዘብ እዚህ ባንክ ደርሶ የተቀባይዋ ስም መታወቂያዋ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ስለሚለይ ሁለት ሳምንት የተኛበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። «ወርቅነሽ» በእንግሊዝኛ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ አስቡት። ስማችሁን በባንክ ደብተራችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ።

«ለፈለጋችሁት አውሉት» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ተለዋዋጭ ገንዘብ ማለት ሁኔታው ሲለወጥ አጠቃቀሙም መለወጥ ይችላል ማለት ነው። ለቤት ኪራይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ከከተማ መውጣት ቢኖርባት፣ አንድ መልእክት ልካችሁ ኪራዩን ለትራንስፖርት ታደርጉታላችሁ። መደበኛ ለጋሽ ጋ ይህ የበጀት ማሻሻያ ደብዳቤ፣ ፊርማና የአንድ ወር ጥበቃ ነው። ነገር ግን ተጠያቂነት ቀረ ማለት አይደለም። አጭር ሪፖርት ይጠይቃሉ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ማሳየት አለባችሁ። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፣ እነሱም ያውቃሉ። አንድ ደብተር ግዙ። ቀን፣ መጠን፣ ለምን እንደወጣና የከፈለችው አባል ፊርማ ከሰፈረበት ይበቃል፣ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። የተጎጂዎች ስም ግን ደብተሩ ላይ እንዳይገባ። ቁጥር ስጧቸው፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የምታውቀው አንዲት ሰው ትሁን።

አሁን 25,000 ዶላሩ። እንዲህ ያሉ ፈጣን ድጋፎች የሚሰጡት ለሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ አደጋ ነው፣ እንደናንተው። ሁለተኛው ያልታሰበ አጋጣሚ ነው፤ ካመለጠ የማይመለስ ዕድል ወይም በሴቶች መብት ሕግ ላይ ድንገት የመጣ ጥቃት። ጋምቢያን ውሰዱ። እዚያ የሴት ልጅ ግርዛት እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ተከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ክልከላውን የሚሽር ረቂቅ ፓርላማ ገባና በ42 ለ4 ድምፅ ወደ ኮሚቴ ተመራ። በሐምሌ ውድቅ ሆነ። በመካከሉ የነበረው አራት ወር ብቻ ነው። በዚያ አራት ወር ውስጥ የተገረዙ ሴቶችን ከየመንደሩ ፓርላማ ድረስ ማምጣት፣ የሃይማኖት አባቶችንና ሐኪሞችን ማናገር፣ ሬዲዮ ላይ መቅረብ ያስፈልጋል። በቀጣዩ ዓመት በጀት ውስጥ እናስገባው ቢባል ድምፁ ተሰጥቶ አልቆ ነበር። ፈጣን ገንዘብ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ነው።

የዓመት ደሞዝና የቢሮ ኪራይ ከሁለቱም ውስጥ አይገባም። የእርዳታ እህል፣ የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶ ሴቶችን ማቋቋም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሕንፃም አይገቡም። የማይረቡ ሆነው አይደለም፣ ፈንዱ ለዚያ አልተሠራም። መጠኑም ባብዛኛው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው። ለንጽጽር፣ ደብሊን ያለው ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ለመብት ተሟጋቾች ጥበቃ የሚሰጠው ከፍተኛው 7,500 ዩሮ ነው። 25,000 የሚል ማመልከቻ ሲደርስ የፈንዱ ገምጋሚ መጀመሪያ የምታስበው «እነዚህ ሌላ ቦታ የቀረበ ፕሮፖዛል ነው የላኩልን» ነው። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ማመልከቻ መቼም አልረሳም። 14 ገጽ ነው። ስለ ሴቶች ማብቃት፣ ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ባለድርሻ አካላት ቅንጅት ይተነትናል። ሁለት የሦስት ቀን ሥልጠና ይጠይቃል፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ የሻይ ሰዓት ጭምር። ልጥለው ስል ገጽ 11 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አየሁ፦ «አስተባባሪያችን ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ቤቷ አላደረችም።» ወቅቱ መጋቢት ነበር። ደወልኩ። ሴትዮዋ በየሌሊቱ ቤት እየቀያየረች ነው የምታድረው፣ ልጇም ትምህርት ካቋረጠ ቆይቷል። ለምን ይህን መጀመሪያ ገጽ ላይ አልጻፋችሁም ስላቸው «ይሄማ የግል ችግር ነው ብለን ነው» አሉኝ። የግል ችግር አይደለም። ፈንዱ የቆመው ለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። በመጨረሻ የጠየቁት ከ1,000 ዶላር ያነሰ ነበር፣ ተሰጣቸው።

ስለዚህ ማመልከቻችሁ ከዚህ ይጀምር፦ በዚህ ቀን አድራሻዋ ተለጠፈ፣ በዚህ ቀን ሌሊት በዚህ ሰዓት ቤቷ ተደበደበ፣ ለፖሊስ አመልክተናል ወይም በዚህ ምክንያት አላመለከትንም፣ አሁን ያለችው እዚህ ነው፣ ገንዘቡን ካገኘን በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት የምናደርገው ይህን ነው። የቴሌግራሙን ልጥፍ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጉት፣ ቀኑና የቻናሉ ስም እንዲታይ። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሰዋስው የሚያርም ገምጋሚ እስካሁን አላየሁም። አሁን አሁን በማሽን የተጻፉ፣ የሚያንጸባርቁና ምንም የማይነግሩ ማመልከቻዎች ስለበዙ እንዲያውም የተሰባበረ ግን ቀጥተኛ ጽሑፍ ዓይን ይስባል።

በጀቱን ከዝርዝር ጀምሩ፣ ከድምር አትጀምሩ። ቤቷ የምትመለስ ከሆነ የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ፣ የጊቢ መብራት። የማትመለስ ከሆነ የሌላ ከተማ የቤት ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ ልጆች ካሏት የእነሱም፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሳይቀር። አዲስ ስልክና ሲም ካርድ። የጠበቃ ክፍያ። የሥነ ልቦና ምክር፣ ለእሷም ለስድስታችሁም። ይህን የመጨረሻውን ሰዎች አፍረው ይተዉታል፣ «እኛ ደህና ነን» ይላሉ። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ የሚነሱ ሰዎች ደህና አይደሉም። ፈንዶቹ ዕረፍትንና ሕክምናን እንደ ቅንጦት አያዩትም፣ በግልጽ ይከፍላሉ። ሁሉንም በብር አስሉና የዕለቱን ምንዛሪ ከነቀኑ ጻፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ያለፈበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ቀኑ ካልተጻፈ ልዩነቱን በሪፖርት ማስረዳት ራስ ምታት ነው። ደግሞ ዶላሩን በጥቁር ገበያ ብናስገባው ይሻላል የሚል መካሪ አይጠፋም። በፍጹም። ሕገ ወጥ ነው፣ ሪፖርታችሁን ያበላሻል፣ ሊያስራችሁ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ማመልከቻው የምታውቃችሁን ሴት ወይም ድርጅት ስም ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት። እናንተ እንደ ተራ ፎርም መሙያ ታዩታላችሁ፣ ለገምጋሚዋ ግን ካልተመዘገበ ቡድን የምታገኘው ዋነኛ ማስረጃ እሱ ነው። ስማቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉላቸው። ገምጋሚዋ በውጭ ቁጥር ስትደውል «ማን ናቸው እነሱ?» ብላ ስልክ የምትዘጋ ምስክር ከሌለች ምስክር ትብሳለች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጎ ፈቃደኞች በአካባቢያችሁ ካሉ፣ ወይም ተጎጂ ሴት ለመጠለያ ወደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ልካችሁ ካወቃችሁ፣ የመጀመሪያዋ ምስክራችሁ እዚያ ነው ያለችው። አብራችሁ የሠራችሁ ነርስ ወይም ዐቃቤ ሕግም ይሆናል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። «የውጭ ገንዘብ በሴቶች መብት ላይ ክልክል ነው» የሚለው ከድሮው አዋጅ የቀረ ፍርሃት ነው። አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠራ የኢትዮጵያ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። በ2002 ዓ.ም የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሒሳባቸው ታግዶ፣ ማኅበሩ ከግማሽ በላይ ሠራተኞቹን ያጣው በዚያ ዘመን ነው። ያ ገደብ በአዋጅ 1113/2011 ቀርቷል። ያ ማለት ግን ሁሉ ተፈታ ማለት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታግደው ነበር፣ እነዚያ የተመዘገቡ ናቸው። ምዝገባ ሙሉ ከለላ አይደለም፣ አለመመዝገብም ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም። ችግሩ ያልተመዘገበ ቡድን እንደ ድርጅት ሲንቀሳቀስና በድርጅት ስም ገንዘብ ሲሰበስብ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለዩ። ለተጠቃችው ጓደኛችሁ የሚመጣው ገንዘብ ለአንዲት ሰው ደኅንነት የሚሰጥ ድጋፍ ነው፣ ለግለሰብ ተሟጋች የሚሰጡ ፈንዶች አሉ፣ በስሟም ይመጣል። ባንኩ ከየት ነው ቢላት እውነቱን ትናገር፣ የፈንዱን የውል ወረቀት ታሳይ። «አክስቴ ላከችልኝ» እንዳትል። ለቡድኑ ሥራ የሚመጣውን ግን በአንዳችሁ የግል ሒሳብ አታስገቡ። ሕጉን ለጊዜው ተዉትና ስለ ወዳጅነታችሁ አስቡ። 7 ሆናችሁ ስትታገሉ የኖራችሁ ሴቶች በአንዷ ደብተር 300,000 ብር ሲገባ ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ። ማንም ሳይሰርቅ ነው የሚመጣው። «ለምን ሳትነግሪን አወጣሽ?» ትባላለች፣ አለቀ።

መፍትሔው አስተናጋጅ ድርጅት ነው፦ የተመዘገበ፣ የምታምኑት፣ ገንዘቡን በሒሳቡ ተቀብሎ ለእናንተ ሥራ የሚከፍል። ትንሽ የአስተዳደር ወጪ መያዙ ያለ ነው። መጠኑ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅና ሪፖርቱን ማን እንደሚጽፍ በጽሑፍ ይሁን። ዘመድ ቢሆንም ይጻፍ፣ በተለይ ዘመድ ከሆነ። ጎን ለጎን ምዝገባውን ጀምሩ። አምስት አባላት ካላችሁ ማኅበር መሆን ትችላላችሁ፣ ሰባት ናችሁ። የምዝገባ አድራሻ ግን የአንዳችሁን መኖሪያ ቤት እንዳታደርጉ፣ ከደረሰባችሁ በኋላ ይህን መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

የት ታመልክታላችሁ? ለጓደኛችሁ ሁለት በር አንኳኩ፣ ናይሮቢ ያለውን ኧርጀንት አክሽን ፈንድ አፍሪካንና ካምፓላ ያለውን ዲፌንድ ዲፌንደርስ። ሁለተኛው ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በምሥራቅና በአፍሪካ ቀንድ ላሉ ተሟጋቾች የሚሠራ ነው፣ ኢትዮጵያን ይጨምራል፣ ከአገር መውጣት የግድ ከሆነም ያውቁበታል። ለሁለቱም ማመልከታችሁን ለሁለቱም ንገሩ። እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ደብቃችሁ ብትገኙ ሁለቱም ይዘጉባችኋል፤ ብትነግሯቸው ግን አንዱ የብረት በሩን፣ ሌላው ጠበቃውን ሊከፍል ይችላል። ፈንዶች ገንዘባቸው ሲያልቅ በዓመቱ መሃል ማመልከቻ መቀበል ያቆማሉና ድረ ገጻቸውን ከመላካችሁ በፊት በዚያው ቀን እዩ። ከጥር 2017 ዓ.ም ወዲህ፣ የአሜሪካ እርዳታ ከቆመ በኋላ፣ ሥራቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ድርጅቶችም ወደነዚህ ትንንሽ በሮች መዞራቸው አይቀርም። ሰልፉ ረዝሟል ብላችሁ ገምቱ።

ለቡድኑ ደግሞ፣ አብዛኞቻችሁ ወጣት ከሆናችሁ ፍሪዳ የሚባለውን የወጣት ፌሚኒስቶች ፈንድ ተመልከቱ። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ያለ ነው፣ ያልተመዘገቡ ቡድኖችን ይቀበላል፣ የሚገርመው ደግሞ አመልካቾቹ ራሳቸው አንዳቸው የሌላውን ማመልከቻ አንብበው ድምፅ መስጠታቸው ነው። ለረዘም ያለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው፣ አክራ ያለው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ አለ። የቢሮ ኪራዩና የደሞዙ ጥያቄ መሄድ ያለበት ወደ እንዲህ ያሉት ነው፣ ወራት እንደሚወስድ አውቃችሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በነፃ መሥራታችሁ ያንገበግባል፣ ገብቶኛል። በዓለም ዙሪያ የ740 የሴቶች ድርጅቶች የእ.ኤ.አ. 2010 ገቢ ሲጠና መካከለኛው የዓመት በጀት 20,000 ዶላር ነበር። ይህ የተቋቋሙ ድርጅቶች ገቢ ነው። እናንተ በኪሳችሁ ባጃጅ እየከፈላችሁ የምትሠሩት ከዚያ በታች ነው።

ይህ ገንዘብ የማያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ድንጋይ የወረወረውን ሰው አያስይዝም። ልጥፉን አያስነሳም፤ ለቴሌግራም ሪፖርት ማድረጉን ሰባታችሁም ዛሬውኑ አድርጉት። ጓደኛችሁ ሌላ ከተማ ሄዳ ስድስት ሳምንት ብታርፍ፣ በሰባተኛው ሳምንት የምትመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ከዚያስ?» ለሚለው መልስ ይኑራችሁ፣ ገምጋሚዋም ትጠይቃለች። «አናውቅም፣ በአራተኛው ሳምንት ተሰብስበን እንወስናለን» የሚል መልስ እውነት ከሆነ ይቀበሉታል።

መረጃ ስትለዋወጡ በፌስቡክ ሜሴንጀር አይሁን። ሲግናል የሚባለውን የመልእክት መተግበሪያ ጫኑ፣ መልእክቶቹ ከሳምንት በኋላ እንዲጠፉ አድርጉት። ማመልከቻውን ኢንተርኔት ካፌ ጽፋችሁ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ትታችሁ እንዳትወጡ፣ ይህን ያደረጉ አሉ። የተጎጂ ሴቶችን ታሪክ ለማሳመኛ ብላችሁ በዝርዝር አትጻፉ። እነሱ አልፈቀዱም፣ ገምጋሚዋም አያስፈልጋትም።

ስለ 10 በመቶው ሰውዬ። ከእነዚህ ፈንዶች አንዳቸውም ለማመልከት አያስከፍሉም፣ «አስፈቃጅ»ም የላቸውም። ሰውዬው አጭበርባሪ ባይሆን እንኳ እናንተ ያልጻፋችሁትን ማመልከቻ ነው የሚልከው፣ ገምጋሚዋ ደውላ ስትጠይቃችሁ ምን እንደተጻፈ አታውቁም። ከዚያም በላይ አንድ የማታውቁት ሰው የጓደኛችሁን አዲስ አድራሻ ይይዛል። እስካሁን ምን ምን እንደነገራችሁት ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሩ። የተደበቀችበትን ቤት ነግራችሁት ከሆነ ማመልከቻውን ለነገ ተዉትና መጀመሪያ እሷን ከዚያ ቤት አውጧት።